የማኅበሩ ስልክ እንደ ማኅበሩ ማኅተም ይጠበቅ

በገጠሩ የአገራችን ክፍል ስማርት ስልክ የከተሜ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የሥራ መሣሪያ እየሆነ መምጣቱ የታወቀ ነው። የዝናቡ ትንበያ፣ የእህልና የከብት ገበያ ዋጋ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ማስታወቂያ፣ ከወረዳ የሚተላለፍ የስብሰባ ጥሪ፣ ከዚህም አልፎ የገንዘብ ክፍያና ዝውውር ሳይቀር በመዳፍ በሚያዝ በዚህ ዕቃ አማካይነት ይከናወናል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ ካዋለ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ኤምፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ስልክ የመልእክት መቀባበያ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል።

ይሁን እንጂ በገበሬው እጅ የሚገባው ስማርት ስልክ ብዙውን ጊዜ አዲስ አይደለም። ከተማ ያለ ዘመድ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለቤተሰቡ ይልካል፤ ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ልጅ ስትገለገልበት የቆየችውን ለአባቷ ትሰጣለች፤ ሌላውም በገበያ ቀን ከሁለተኛ እጅ ዕቃ ነጋዴ ይገዛል። ዛሬም በብዙ አካባቢ «ገበሬ ማኅበር» እየተባሉ የሚጠሩት የገጠር ቀበሌዎችና የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚገለገሉባቸው ስልኮችም ከዚህ ብዙ የተለዩ አይደሉም።

አሮጌ ስልክ መያዝ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ያረጀ በሬ ከባድ መሬት ላይ ባይውልም ቀለል ባለው ማሳ ላይ ይጠቅማል፤ ቁም ነገሩ አቅሙን ዐውቆ መጥመድ ነው። ችግሩ የሚመጣው ስልኩ አዲስ መተግበሪያ፣ በተለምዶ አፕ የሚባለውን፣ አልቀበልም ባለ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይፈጸማል። አንዱ «ስልኩ ሞቷል» ብሎ መጣልና ያልታሰበ ወጪ ውስጥ መግባት ነው። ሁለተኛውና የሚከፋው ደግሞ «እኔ አስገባልሃለሁ» ለሚል ለማንኛውም ሰው ስልኩን አሳልፎ መስጠት ነው። በመጀመሪያው ስሕተት ማኅበሩ የስልክ ዋጋ ይከስራል፤ በሁለተኛው ግን የአባላት ገንዘብና ምስጢር ለአደጋ ይጋለጣል። ስለሆነም የስልክ አያያዝ ጉዳይ ለወጣቶች ብቻ የሚተው ሳይሆን የማኅበር መሪዎች በኃላፊነት ሊይዙት የሚገባ የአመራር ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ስልኩ መተግበሪያውን አልቀበልም የሚልበትን ምክንያት መረዳት ያስፈልጋል። ስማርት ስልክ የሚሠራው በውስጡ በተጫነ የአሠራር ሥርዓት ነው። በገጠሩ በብዛት የሚታዩት ስልኮች የሚጠቀሙበት አንድሮይድ የተባለውን ሲሆን፣ ይህም በየጊዜው እየተሻሻለ 4፣ 5፣ 6 እየተባለ በቁጥር ይወጣል። መተግበሪያ የሚሠሩ ድርጅቶች ሥራቸው ከየትኛው ቁጥር ጀምሮ እንደሚያገለግል አስቀድመው ይወስናሉ። ስልኩ ከዚያ በታች ከሆነ የመተግበሪያዎች ማከፋፈያ የሆነው ፕሌይ ስቶር ለስልኩ እንደማይስማማ ይገልጻል፤ ወይም ከነጭራሹ አያሳይም። ለምሳሌ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አንድሮይድ 4.4 እስከ 2015 ዓ.ም. ክረምት ድረስ ከጉግል የአገልግሎት ድጋፍ ሲያገኝ ቆይቶ ድጋፉ ተቋርጧል። ዋትስአፕ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንድሮይድ 5.0 በታች የሆኑትን ስልኮች ትቷል። ክሮም የተባለው የኢንተርኔት መመልከቻም በዚያው ዓመት አዲሱን ሥሪቱን ለአንድሮይድ 7 መስጠት አቁሟል።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው አንድ ስልክ አንድን መተግበሪያ አልቀበልም ማለቱ ተበላሽቷል ማለት እንዳልሆነ ነው። ድምፁ፣ መልእክቱ፣ ካሜራው፣ ቀድሞ የተጫኑትም መተግበሪያዎች በአብዛኛው ሊሠሩ ይችላሉ። አንዳንድ ጊዜም የመተግበሪያው ባለቤት ለአሮጌ ስልክ የሚሆነውን የቆየ ሥሪት በፕሌይ ስቶር ላይ ትቶት ይገኛል። በመሆኑም የጥገና ሱቅ ከመሄድና ገንዘብ ከማውጣት በፊት ስልኩን ራሱን መመርመር ይገባል። ለዚህም ቀጥለው የተዘረዘሩት ጉዳዮች በቅደም ተከተል ቢታዩ ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ ስልኩ ይታወቅ። የስልኩን ማስተካከያ፣ ማለትም «ቅንብሮች» ወይም በተለምዶ «ሴቲንግ» የሚባለውን ከፍቶ ወደ መጨረሻው ሲወርዱ «ስለ ስልኩ» የሚል ይገኛል። በዚያ ውስጥ የአንድሮይዱ ቁጥር ተጽፏል። «ማከማቻ» በሚለው ሥር ደግሞ ስልኩ በጠቅላላው ምን ያህል እንደሚይዝና ምን ያህል ባዶ ቦታ እንደቀረው ይታያል። እነዚህ ቁጥሮች ከስልኩ ሥሪትና መለያ ቁጥር ጋር በማኅበሩ የንብረት መዝገብ ላይ ይስፈሩ። መለያ ቁጥሩን ለማወቅ *#06# መደወል ይበቃል። ስልኩ ቢሰረቅ ለፖሊስ የሚሰጠው ማስረጃ ይኸው ነው፤ አዲስ መተግበሪያ ተጠቀሙ የሚል መመሪያ ከላይ ሲመጣም ማኅበሩ «የእኛ ስልክ ይኸን ይችላል፣ ይኸን አይችልም» ብሎ በማስረጃ ለመናገር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቀኑና ሰዓቱ ይስተካከል። ይህ ጉዳይ ቀላል ይምሰል እንጂ በአገራችን ልዩ ትርጉም አለው። ስልኮች የሚሠሩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ባትሪው ፈጽሞ ሲያልቅ ወይም ሲወልቅ የአንዳንድ አሮጌ ስልክ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ ባለቤቱ በቅን ልቡና የአገሩን ዘመን ያስገባል። የኢትዮጵያ 2018 ዓ.ም. አብዛኛው ክፍል የሚውለው በፈረንጆች 2026 ላይ በመሆኑ፣ 2018 ብሎ የሞላ ሰው ስልኩን ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ መለሰው ማለት ነው። ሰዓቱንም በአገሩ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብሎ ቢሞላው ስድስት ሰዓት ያዛባዋል። የባንክና የመልእክት መተግበሪያዎች ደግሞ ከመገናኘታቸው በፊት በሌላው ወገን ያለውን የመታወቂያ ሰነድ ከነጊዜ ገደቡ ይመረምራሉ። የስልኩ ዘመን ከተሳሳተ ሰነዱ ገና ያልጸና ወይም ጊዜው ያለፈበት መስሎ ስለሚታያቸው ግንኙነቱን ይዘጋሉ። ኔትወርክ ሞልቶ ሳለ «አልገናኝም» የሚል ስልክ ሲያጋጥም በቅድሚያ መታየት ያለበት ቀኑ ነው። መፍትሔውም «ራስ ሰር ቀንና ሰዓት» የሚለውን መክፈት ነው፤ ቀኑ ከኔትወርኩ ይመጣለታል። የአገራችንን ቀን ማየት ለሚፈልግ በውጭ የሚታይ የኢትዮጵያ ካላንደር መተግበሪያ መጫን ይቻላል፤ የስልኩ የውስጥ ቀን ግን መነካት የለበትም።

ሦስተኛ፣ ጎተራው ይጠረግ። አዲስ ምርት ከመግባቱ በፊት ገበሬ ጎተራውን እንደሚያጸዳ ሁሉ መተግበሪያም ከመጫኑ በፊት ቦታ ይሻል። 8 ጊጋባይት ይይዛል የተባለ ስልክ ከፊሉን ያሠራር ሥርዓቱ ራሱ ስለሚወስደው ለባለቤቱ የሚቀረው ጥቂት ነው። መተግበሪያ ሲጫን ደግሞ ታሽጎ ከመጣበት መጠን የበለጠ ቦታ ይፈልጋል፤ የተጠቀለለ ጆንያ ሲዘረጋ እንደሚሰፋ ማለት ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ወደ ሚሞሪ ካርድ ይዛወሩ። ከቴሌግራምና ከዋትስአፕ ቡድኖች የተከማቹ ቪዲዮዎች ይሰረዙ። ከወር እስከ ወር የማይከፈቱ መተግበሪያዎች ይውጡ።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ትእዛዞችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። «መሸጎጫ አጽዳ» የሚለው መተግበሪያው ለፍጥነት ብሎ ያከማቸውን ትርፍ ነገር ብቻ ያስወግዳል፤ ይህ እብቁን ማራገፍ ነው፣ ጉዳት የለውም። «ውሂብ አጽዳ» የሚለው ግን ዘሩን ጭምር ይደፋል። መተግበሪያው እንደ አዲስ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ በስልኩ ውስጥ ብቻ ተመዝግቦ የነበረ ማስታወሻ ወይም የአባላት ዝርዝር ካለም ይጠፋል። በመሆኑም የማኅበሩ ጸሐፊ ሁለተኛውን ትእዛዝ ሳይጠይቅና ሳያመዛዝን መጫን የለበትም። የአባላት ዝርዝርና የሂሳብ መዝገብም ምን ጊዜም ቢሆን በወረቀት ላይ ቅጂ ይኑረው።

አራተኛ፣ መተግበሪያ ይቆጠር። 1 ጊጋባይት የሥራ ማኅደረ ትውስታ ያለው ስልክ ሃያ መተግበሪያ ቢሸከም ከመንቀራፈፍ በቀር የሚያተርፈው የለም። ለማኅበር ሥራ የሚያስፈልጉት ስንት ናቸው ብሎ ኮሚቴው ይወስን። የመልእክት አንድ፣ የክፍያ አንድ ወይም ሁለት፣ የአማርኛ ወይም የአካባቢው ቋንቋ መጻፊያ አንድ፣ ምናልባትም የሂሳብ መያዣ አንድ ቢሆን ለብዙው ሥራ ይበቃል። አንድሮይድ ጎ የተባለው ቀለል ያለ ሥርዓት በ2010 ዓ.ም. የወጣው 1 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ለሆኑ ስልኮች ታስቦ ነው። «ላይት» ወይም «ጎ» የሚል ቅጽል ያላቸው መተግበሪያዎችም ቦታና ዳታ እንዲቆጥቡ የተዘጋጁ ናቸውና ምርጫ በሚኖርበት ጊዜ እነርሱን ማስቀደም ይሻላል። አንዳንዱ አገልግሎት ደግሞ መተግበሪያ ሳይጫን በኢንተርኔት መመልከቻ ብቻ ይገኛል፤ በዓመት ሁለቴ ለሚያስፈልግ ነገር መተግበሪያ ማከማቸት አይጠቅምም።

መተግበሪያዎች ራሳቸውን በየጊዜው የሚያሻሽሉት በዳታ ነው። የማኅበሩ ካርድ ሳይታወቅ የሚያልቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ፕሌይ ስቶር ውስጥ ገብቶ ማሻሻያው በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ማዘዝ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው በወር አንድ ቀን ለሥራ ወደ ወረዳ ከተማ ሲወርድ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ያሻሽለዋል። ይሁንና ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ማሻሻያውን ጨርሶ መተው ስሕተት ነው፤ በማሻሻያው ውስጥ ሌባ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች መድፈኛ አለና።

አምስተኛ፣ ምንጩ ይጣራ። ማንኛውም ልምድ ያለው ገበሬ የምርጥ ዘር ከረጢት ሲገዛ ማኅተሙንና የጽሑፍ ምልክቱን ሳያይ ገንዘብ አይከፍልም፤ ከገበያ በሰፌድ የተሰፈረ «ምርጥ ዘር» ገዝቶ ማሳው ሳይበቅል የቀረበት ሰው ታሪክ በየሰፈሩ ይታወቃል። መተግበሪያም እንዲሁ ነው። በፕሌይ ስቶር የሚገኘው ምርመራ ያለፈ ከረጢት ነው፤ ምርመራው ፍጹም ባይሆንም ተጠያቂ ባለቤት አለው። በብሉቱዝ፣ በዜንደር ወይም በቴሌግራም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው የመጫኛ ፋይል ግን ማኅተም የሌለው ነው። ዳታ ለመቆጠብ ሲባል በገጠር የተለመደ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ፋይሉ በመንገድ ላይ ተቀይሮ፣ ስሙና ምስሉ የባንክ ሆኖ፣ ውስጡ የሚስጥር ቁጥር መስረቂያ ሊሆን ይችላል።

አሮጌ ስልክ በዚህ ረገድ ከአዲሱ ይልቅ ተጋላጭ ነው። ከአንድሮይድ 8 በፊት «ከማይታወቅ ምንጭ መጫን ይፈቀድ» የሚለው በር ለሁሉም አንድ ነው፤ አንድ ቀን ለአንድ ፋይል የተከፈተ እንደሆነ ሰው ካልዘጋው ለመጪውም ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከአንድሮይድ 6 በፊት ደግሞ መተግበሪያው መልእክት ለማንበብ፣ ስም ዝርዝር ለማየት፣ ድምፅ ለመቅዳት የሚጠይቀውን ፈቃድ ሁሉ በሚጫንበት ጊዜ በአንድ ላይ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ የወጡት ግን በሥራ መካከል አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የማኅበሩ ስልክ «የማይታወቅ ምንጭ» በር ተዘግቶ ይቆይ። የባትሪ መብራት ነኝ ብሎ መልእክት ላንብብ የሚል መተግበሪያ ቢገጥም የሚገባው መልስ መከልከል ብቻ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ስድስተኛ፣ የገንዘብ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ይጠንቀቁበት። አምራቹ ማሻሻያ መስጠት ያቆመለት አሮጌ ስልክ ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት መሆን የለበትም። ስልኩ የክፍያውን መተግበሪያ በሚገባ የማያስኬድ ከሆነም አማራጭ አለ። ቴሌብር በ*127#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሞባይል አገልግሎት በ*889# አማካይነት ያለ ዳታና ያለ መተግበሪያ፣ ባለ ቁልፍ በሆነ ተራ ስልክም ጭምር ይሠራሉ። ኔትወርክ ካለ ሒሳብ ማየት፣ መላክና መክፈል ይቻላል። ስለዚህ «ስማርት ስልክ ከሌለህ አትከፍልም» የሚለው አባባል በብዙው ቦታ ትክክል አይደለም።

ማታለያው ግን በስልኩ ዕድሜ ብቻ አይወሰንም። አንድ ሰው ደውሎ «ከባንክ ነን» ወይም «ሽልማት ደርሶዎታል» ካለ በኋላ በመልእክት የመጣውን ቁጥር እንዲነገረው ይጠይቃል። ያ ቁጥር የቤት ቁልፍ ነው፤ ለነገሩት ሰው በሩን ከፈቱለት ማለት ነው። እውነተኛ ባንክ የሚስጥር ቁጥር በስልክ አይጠይቅም። ይህ በየስብሰባው መደጋገም አለበት።

ከዚህም ጋር ተያይዞ በግልጽ ሊነገር የሚገባው አንድ ነገር አለ። ማንበብ የማይችሉ ወይም ዓይናቸው የደከመ አባላት በቅንነት የሚስጥር ቁጥራቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ወይም ለሰፈር ወጣት ይሰጣሉ። ተቀባዩም ብዙውን ጊዜ በቅንነት ይረዳቸዋል። ነገር ግን የሠላሳና የአርባ ሰው ሚስጥር ቁጥር በአንድ ደብተር ላይ የጻፈ ሰው፣ ምንም ሐቀኛ ቢሆን፣ ደብተሩ የጠፋ ዕለት በሌብነት ይጠረጠራል። ገንዘቡ የጎደለበት አባልም ለማን አቤት እንደሚል አያውቅም። ስለሆነም ማንም የማኅበር መሪ የአባላትን የሚስጥር ቁጥር መያዝ የለበትም። የሚገባው አባሉን አራት ወይም ስድስት ቁጥር በጣቱ እንዲጫን ማለማመድ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ቁጥር መጫን ይችላል፤ በገበያ ቀን ብር ቆጥሮ የሚመልሰው እርሱ ራሱ አይደለምን? ይህም ካልተቻለ ከቤተሰቡ አንድ እምነት የሚጥልበትን ሰው አባሉ ራሱ ይምረጥ እንጂ ማኅበሩ አይምረጥለት። የማኅበሩም ገንዘብ በአንድ ሰው ስም በተከፈተ የስልክ ሒሳብ ውስጥ ማደር የለበትም፤ በጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ሊቀመጥ ይገባል።

ሰባተኛ፣ ባትሪው አይዘንጋ። ስልክን የሚያስረጀው ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ሙቀትም ነው። ፀሐይ ላይ ጥሎ ቻርጅ ማድረግ፣ ቮልቴጁ ካልተስተካከለ የፀሐይ ሰሌዳ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ባትሪውን ያዳክማል፤ ሰሌዳው ፀሐይ ላይ፣ ስልኩ ጥላ ውስጥ ይሁን። ጀርባው ያበጠ ስልክ ካለ ወዲያው ቻርጅ ማድረጉ ይቁም፤ ያበጠ ባትሪ በሚስማር ቢወጋ ወይም ቢጨመቅ ሊቃጠል ይችላልና ከልጆች ይራቅ።

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ቢፈጸሙም የርክክብ ሥርዓት ከሌለ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። የኮሚቴ ምርጫ ተካሂዶ አዲስ ሊቀ መንበር ሲመጣ ማኅተም፣ የመጋዘን ቁልፍ፣ የሂሳብ መዝገብ፣ ቃለ ጉባኤ በፊርማ ይረከባል። ስልኩ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ግል ዕቃ ተቆጥሮ ከተሰናባቹ ጋር ይሄዳል፤ ወይም ዕቃው ብቻ ተሰጥቶ ቁልፉ ይቀራል። ስልኩ በተሰናባቹ የጉግል አካውንት የተከፈተ ከሆነ አካውንቱ ሳይወጣ በቁልፎቹ ታግዞ በግድ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ቢመለስ፣ ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ያሉት ስልኮች የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ፤ ካላገኙም አይከፈቱም። ይህ ለሌባ የተዘረጋ ወጥመድ ነው፤ ርክክቡን ችላ ያለ ማኅበርም ይያዝበታል።

በመሆኑም የማኅበሩ ስልክ በማኅበሩ ስም በተከፈተ አካውንት ይከፈት። ሲም ካርዱም በሚቻልበት ቦታ ሁሉ በማኅበሩ ስም ይመዝገብ። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ በፖስታ ታሽጎ በቁጥጥር ኮሚቴው እጅ ከሌሎች ምስጢራዊ ሰነዶች ጋር ይቀመጥ። በርክክብ ዕለት ስልኩ በምስክር ፊት ይከፈት፤ በውስጡ ያሉት መተግበሪያዎችና የቡድን መልእክቶች ይታዩ፤ የይለፍ ቃሉ እዚያው ይቀየር፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ይስፈር። የግል ፎቶግራፍና የግል መልእክት በማኅበሩ ስልክ ላይ እንዳይኖር ከመጀመሪያው መከልከልም በርክክብ ጊዜ የሚመጣውን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ስልክ ለማኅበር ሥራ ሲውል የሚያስከትለው ሌላም ጉዳይ አለ። መልእክትን በቴሌግራም ማስተላለፍ ለመሪው ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ ጽፎ ለሁሉ ይልካል። ነገር ግን ስማርት ስልክ የሌላት ባሏ የሞተባት እማወራ፣ ስልኩ የተበላሸበት ጎልማሳ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ መልእክቱ አይደርሳቸውም። የማዳበሪያ ምዝገባ ቀን ወይም የብድር መመለሻ ቀን በቴሌግራም ብቻ ተነግሮ የቀረ እንደሆነ የሚጎዱት እነዚሁ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መልስ የሚነገረው ቃል፣ በእድርና በዕቁብ የሚተላለፈው መልእክት፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ በስልክ ምክንያት መቅረት የለባቸውም። ማንም አባል «ስልክ የለኝምና አልሰማሁም» በማለቱ መብቱን ሊያጣ አይገባም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆን የአገር ውስጥ ልምድ አለ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ገበሬው በተራ ስልክ ደውሎ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሰብል በሽታ በሚገባው ቋንቋ የተቀዳ ምክር እንዲሰማ ታስቦ የተዘጋጀ ነበር። መተግበሪያ አልጠየቀም፤ ዳታ አልጠየቀም፤ ማንበብንም አልጠየቀም። ገበሬው የያዘውን ስልክ መነሻ አድርጎ የተሠራ አገልግሎት ብዙ ሰው ዘንድ ለመድረስ እንደሚችል ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

ስለሆነም ኃላፊነቱ በማኅበር መሪዎች ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። ለግብርና የሚሆን መተግበሪያ የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ሥራቸውን ከማሠራጨታቸው በፊት በአሮጌ ስልክ ላይ፣ በደካማ ኔትወርክ ውስጥ ሊፈትኑት ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ በአዲስ ስልክ ላይ በፍጥነት የሚከፈት መተግበሪያ ቆላ ወርዶ አንድ ጊጋባይት በያዘ ስልክ ላይ ላይከፈት ይችላል። መጠኑ ትንሽ፣ ቋንቋው የአካባቢው፣ ያለ ኔትወርክም ቢሆን የተወሰነ ሥራ የሚሠራ፣ በጎኑም በተራ ስልክ የሚገኝ መስመር ያለው ሊሆን ይገባል። የማኅበር መሪዎችም አንድ መተግበሪያ ተጠቀሙ ሲባሉ እነዚህን ጥያቄዎች ማቅረብ መብታቸው ነው፤ ማሳው ላይ የማይበቅል ዘር ሲሰጣቸው ዝም እንደማይሉ ሁሉ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም የሚጠበቅባቸው አለ። የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከላት የሠርቶ ማሳያ ማሳ እንዳላቸው ሁሉ በወር ግማሽ ቀን ለስልክ ማሳያ ቢሰጡ ብዙ ችግር ይቃለላል። ቀኑን ማስተካከል፣ ቦታ ማጽዳት፣ የማይታወቀውን ምንጭ መዝጋት፣ በ*127# ሒሳብ ማየት፤ እነዚህ አራት ነገሮች በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊታዩ የሚችሉ ናቸው። የሠፈር ተማሪዎች ለዚህ ጥሩ ረዳቶች ናቸው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አገራችንን ያስተማራት አንድ ነገር ቢኖር ያወቀ ላላወቀ ቢያካፍል፣ ልጅም ለአባቱ ቢያስተምር ነውር አለመሆኑን ነው። ብቻ ልጁ ያስተምር እንጂ በአባቱ ፈንታ አይጫን፤ በሌላ ሰው እጅ የተሠራ ነገር ዕውቀት ሆኖ አይቀርምና።

የማኅበር መሪዎች ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ይፈጽሙት አይባልም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ በጥድፊያ የተጀመረ አይጸናም። ለመጀመሪያው እርምጃ ግን በጀት አያስፈልግም። በሚመጣው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ «የማኅበሩ ስልክ» የሚል አንድ አጀንዳ ይያዝ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ቀኑ ይታይ፤ ባዶ ቦታው ይታይ፤ በማን አካውንት እንደተከፈተ ይታይ፤ የማይታወቅ ምንጭ በሩ ክፍት ከሆነ ይዘጋ። የተገኘው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። የአባላት ሚስጥር ቁጥር የተጻፈበት ደብተር ካለም በባለቤቶቹ ፊት ይቀደድ፤ አባላቱም ቁጥራቸውን በዚያው ዕለት ይቀይሩ።

ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ገበያ የሚዞር ሊቀ መንበር እንደማይኖር ሁሉ፣ የአባላት ገንዘብና ስም ያለበትን ስልክም ያለ ሥርዓት ለማንም የሚሰጥ መሪ ሊኖር አይገባም። ስልኩ አሮጌ መሆኑ ምክንያት አይሆንም። በወጉ የተያዘ አሮጌ ስልክ ያለ ጥበቃ ከተጣለ አዲስ ስልክ ይልቅ ማኅበሩን ያገለግላል።